የታክሲ ሹፌሩ ስም የት ሄደ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጋዜጣችሁን ገዝቼ አላነብም። አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ከሚያከራየው ልጅ እከራይና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አንብቤ እመልሳለሁ። የባለፈውን ቅዳሜ ግን ገዛሁት። ልጁ ገርሞት፣ "ፋዘር፣ ዛሬ ምን ተገኘ?" አለኝ።

የተገኘው በ12ኛው ገጽ ላይ ስለ ነፍሰ ገዳዮች የምታወጡት ተከታታይ ጽሑፍ ነው። ስለ እንግሊዛዊው ገዳይ ዶክተር ሃሮልድ ሺፕማን የሚያወራው አራተኛው ክፍል ነበር። ቤቴ ወስጄ መነጽሬን አደረግሁና በቀይ እስክሪብቶ እያከበብኩ ቆጠርኩ። የገዳዩ ስም 31 ጊዜ ተጽፏል። የእናቱ ስም 4 ጊዜ። የታክሲ ሹፌሩ ስም አንድም ጊዜ የለም። ጭራሽ ታክሲ ሹፌር የሚባል ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

እኔ ከ1980 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ላዳ ነድቻለሁ። ሰማያዊና ነጯን፣ በክረምት በመስኮቷ ውኃ የምታስገባዋን። አሁን ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ቤት ነኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ስለዚህ በሥራ ባልደረባ በኩል ቅሬታ አለኝና ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

ጽሑፉ መጥፎ ነው አላልኩም። የመጀመሪያው ክፍል ጥሩ ነበር። አሜሪካኖቹ የኤፍ ቢ አይ ሰዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በየእስር ቤቱ እየዞሩ 36 ነፍሰ ገዳዮችን ቁጭ አድርገው ማነጋገራቸውን በደንብ ጽፋችኋል። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እናታቸው፣ ሲገድሉ ምን እንደተሰማቸው ጠየቋቸው። ገዳዮቹም ተናገሩ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ዝም በሉ ቢባሉ አይሉም ነበር። እኔ ግን እስረኛ የሚናገረውን ነገር ትንሽ አውቀዋለሁ። እሑድ እሑድ ድሮ ከርቸሌ፣ በኋላ ደግሞ ቃሊቲ ጠያቂ አመላልስ ነበር። እናቶች ሰሐን በጨርቅ ቋጥረው፣ የወጡ ሽታ መኪናዋን ሞልቶት፣ መንገዱን ሙሉ ያወሩኛል። ሰው ገድሎ የገባው ሁሉ የሚላቸው አንድ ነገር ነው። "ሰይጣን አሳሳተኝ።" አንዲት እናት ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ሰይጣን አሳሳተኝ ይለኛል። ሰይጣኑ ግን አልታሰረም፣ ምሳ የማመላልሰው ለእሱ ነው።" ያን ቀን ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም።

ሁለተኛው ክፍል ግን ሰፈራችንን በጠበጠ። ነፍሰ ገዳይ በልጅነቱ ሦስት ምልክት ያሳያል አላችሁ። መኝታ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስ፣ እንስሳ ማሠቃየት። ጎረቤቴ 9 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አላት፤ ሌሊት ፍራሽ ያርሳል። ማን እንዳነበበላት እንጃ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ እያለቀሰች መጣች። "ጋሼ፣ ይኼ ልጅ ሰው ሊገድል ነው እንዴ?" አለችኝ። ልጁ ከኋላዋ ቆሞ አይስክሬም ይልሳል። ነገሩን ለማጣራት ማንቸስተር ላለችው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። ለካ ሐሳቡ የመጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ማክዶናልድ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ከጻፈው ነው። ያጠናቸው 100 ሰዎች ደግሞ የገደሉ አይደሉም፤ እገድላለሁ ብለው የዛቱ ናቸው! ከዚያ ወዲህ የመረመሩትም ምልክቱ ገዳይን አስቀድሞ ያሳያል የሚለውን አላጸኑትም። ይህን አንድ መስመር ጨምራችሁ ብትጽፉ ኖሮ እኔም ጎረቤቴን ለማጽናናት ሁለት ስኒ ቡና አላፈላም ነበር። ታናሽ ወንድሜ እስከ 11 ዓመቱ ፍራሽ ሲያርስ ነው ያደገው። ዛሬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ከጠመኔ ሌላ የያዘው መሣሪያ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ስለ እንግሊዛዊው ዶክተር ሃሮልድ ሺፕማን ነው። የጻፋችሁት ከልጅነቱ ይጀምራል። እናቱን ካንሰር ያዛቸው። ሐኪም ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሞርፊን ይወጋቸዋል፣ ሥቃያቸው ይበርዳል፣ ልጁ ቆሞ ያያል። በ1963 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ሞቱ። እሱ 17 ዓመቱ ነበር። ከዚያ አድጎ ዶክተር ሆነና በዚያው መድኃኒት ዓይነት አሮጊቶችን ገደለ። አለቀ። በጣም ያምራል፣ ልክ እንደ ተረት ገጠመ። እኔም ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ እኔም እናቴን በ15 ዓመቴ ቀብሬያለሁ። እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣሁ እንጂ ሰው አልገደልኩም። እናቱ በካንሰር የሞተችበት ሁሉ ቢገድል አገር የሚባል ባልቀረ።

የእህቴ ልጅ እዚያ ማንቸስተር ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች። ሺፕማን ያክምባት የነበረችው ሃይድ የምትባለው ትንሽ ከተማ ከእነሱ በስተምሥራቅ ቅርብ ናት፤ በአውቶቡስ ታልፋታለች። "እስቲ ይኼን ነገር ከሥሩ ፈልጊልኝ" አልኳት። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ስድስት ቅጽ ሪፖርት አውጥቶ ኖሯል። ዳኛዋ ዴም ጃኔት ስሚዝ ናቸው። ልጅቷ ሥራ ስትጨርስ እያነበበች፣ በአማርኛ እየመለሰች፣ በቴሌግራም በድምፅ ትልክልኛለች። አንዳንዱ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት። ባለቤቴ "አሁንስ ይኼ ሰውዬ ከእኛ ጋር ሊኖር ነው" እስክትል ድረስ ሁለት ሳምንት ስሰማ ከረምኩ።

ቁጥሩን እናንተም ጽፋችኋል። ዳኛዋ በስም ለይተው የቆጠሯቸው 215 ናቸው። 171 ሴቶች፣ 44 ወንዶች። በጠቅላላው ወደ 250 ይደርሳሉ ብለው ይገምታሉ። ከ1975 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። 23 ዓመት። እኔ ላዳ ከነዳሁበት ዘመን ብዙም አያንስ።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ዓመት ማን አየ? እናንተ ያልጻፋችሁት ይኼን ነው።

ስሙ ጆን ሾው ነው። እዚያው ሃይድ ታክሲ ይሠራል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። ገበያ ይወስዳቸዋል፣ ዕቃቸውን ያወርድላቸዋል፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያወሩታል። ይኼን ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ደንበኛ የሆነች አሮጊት ተሳፋሪ ብቻ አይደለችም። ሰዓቷን ታውቃለህ፣ የምትቀመጥበትን ታውቃለህ፣ በር ስትዘጋ ሦስት ጊዜ እንደምትሞክር ታውቃለህ። ጆን ሾው እነዚህ ሴቶች ድንገት እየሞቱበት መጣ። የታመሙ አልነበሩም። ባለፈው ሳምንት ገበያ የወሰዳት ሴትዮ ዛሬ ሞተች ይሉታል። ሲጠይቅ ሐኪማቸው አንድ ነው። እንደገና ሌላዋ። ሐኪሟ ያው። ስም መጻፍ ጀመረ። ዝርዝሩ 21 ደረሰ።

ሃያ አንድ! ፖሊስ ሳይጀምር፣ ኮሚሽን ሳይቋቋም፣ አንድ ባለ ታክሲ ምርመራውን ጨርሶ በወረቀት ይዞት ይዞራል።

ታዲያ ለምን ዝም አለ? እዚህ ላይ ነው እኔን ያመመኝ። ሰውየው የሚጠረጥረው እኮ ከተማው ሁሉ የሚወደውን ዶክተር ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ፣ አሮጊቶቹ ለጎረቤት የሚመክሩት፣ እሱ ጋ ለመመዝገብ ሰው የሚጋፋበት ሐኪም። ባለ ታክሲ ተነስቶ "ይኼ ሰው ገዳይ ነው" ቢል ማን ያምነዋል? የተከሰሰ እንደሆነስ? መንጃ ፈቃዱስ? ለፖሊስ የተናገረው በ1998 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ነው፣ ነገሩ በሌላ በኩል ከፈነዳ በኋላ።

ያየው እሱ ብቻ አልነበረም። አስከሬን የሚያነሱት የቀብር አገልግሎት ሰዎችም አይተዋል። ዴቦራ ማሴ የምትባለው ባለሙያ፣ የዚህ ዶክተር ሟቾች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው አስጨነቃት። አልጋ ላይ የሞተ በሽተኛ አይደሉም። ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የተኙ መስለው ነው የሚገኙት። ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ። ከሺፕማን ክሊኒክ ፊት ለፊት ባለው ሌላ ክሊኒክ ያለችው ዶክተር ሊንዳ ሬይኖልድስም አየች። እዚያ አገር አስከሬን ለማቃጠል ሁለተኛ ሐኪም መፈረም አለበት፤ ለፊርማውም ይከፈለዋል። ሐኪሞቹ እርስ በርስ "የአመድ ብር" ይሉታል አለችኝ የእህቴ ልጅ። ሺፕማን የሚያስፈርመው እነሱን ነበር። ዶክተሯ ፊርማውን ስትቆጥር በዛባት። የእነሱ ክሊኒክ ታካሚ ከእሱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ የሞተው ግን የእሱ በለጠ። በመጋቢት 1998 የሞት ምክንያት ለሚያጣራው መርማሪ ሹም ተናገረች።

ፖሊስ ገባ። አንድ ወር እንኳን ሳይሞላው ዘጋው። ቀላሉን ነገር አላደረጉም፤ ሰውየው የወንጀል ሪከርድ አለው ወይ ብለው አላዩም። ነበረው። በ1976 በሐሰተኛ ማዘዣ ፔቲዲን የሚባል የሕመም ማስታገሻ እያወጣ ራሱን ሲወጋ ተይዞ 600 ፓውንድ ተቀጥቷል። የሐኪሞች ምክር ቤቱም በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልፎታል። ማኅደሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው ብቻ ነበር የጠፋው። ምርመራው ከተዘጋ በኋላ ሦስት ሴቶች ሞቱ።

የሦስተኛዋ ሞት ነው ያስያዘው። ካትሊን ግረንዲ ይባላሉ፤ 81 ዓመታቸው፤ የከተማዋ ከንቲባ የነበሩ። ሰኔ 24 ቀን 1998። በእኛ ሰኔ 17 ቀን 1990 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ሰሞን እኔ ላዳዬ ውስጥ ስለ ባድመ ጦርነት ሬዲዮ እሰማ ነበር። ሴትዮዋ ያን ጠዋት ዶክተሩ ደም ሊቀዳ ይመጣል ብለው ይጠብቁት ነበር። መጣ። ሞተው ተገኙ። የሞት ወረቀቱ ላይ "እርጅና" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኑዛዜ ብቅ አለ። ሀብታቸውን፣ 386 ሺህ ፓውንድ የሚገመተውን፣ ለዶክተሩ ይሰጣል። ልጃቸው የሕግ ባለሙያ ናት። የእናቷን ጉዳይ የምትይዘውም እሷ ራሷ ናት። ወረቀቱን ስታየው በታይፕ የተጻፈ፣ አጻጻፉ የተንጋደደ ነው። "እናቴ እንደዚህ አትጽፍም" አለች።

ምስክሮቹ ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ታካሚዎች። ዶክተሩ ጠራቸውና የታጠፈ ወረቀት አቅርቦ "እዚህ ጋ ፈርሙልኝ" አላቸው። ፈረሙ። ምን እንደሆነ አላዩም። እኔም ብሆን እፈርማለሁ፣ ዶክተር ብሎኛላ! የታይፕ መኪናው ከሺፕማን ዘንድ ተገኘ። አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ሲመረመር ሞርፊን ተገኘበት። እሱ ደግሞ ሴትዮዋ ሱስ ነበረባቸው ለማስመሰል ኮምፒውተሩ ላይ የድሮ ቀን እያስመሰለ ጽፏል። ኮምፒውተሩ ግን የተጻፈበትን ትክክለኛ ሰዓት ለብቻው ይመዘግብ ኖሮ አሳጣው። የፕሪስተን ፍርድ ቤት ጥር 31 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በ15 ሰው ግድያ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። በ2004 ጥር ወር፣ 58 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ እስር ቤት ውስጥ ራሱን ሰቀለ።

ለምን ገደለ? አልተናገረም። ፖሊስ ሲጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተቀመጠው። ዳኛዋ የአእምሮ ሐኪሞችን ሰብስበው አማከሩ፤ እነሱም እርግጠኛ መልስ አላገኙም። ምናልባት መግደል ራሱ ሱስ ሆኖበት ይሆናል አሉ፣ ምናልባት። የሞርፊኑ፣ የእናቱ፣ የገንዘቡ ነገር ሁሉ ምናልባት ነው። እናንተ ግን ምናልባቱን አውጥታችሁ "እነሆ ምሥጢሩ" ብላችሁ በትልቁ ጻፋችሁ።

እንዴት ሳይያዝ ኖረ ለሚለው ግን ሪፖርቱ ቁልጭ ያለ መልስ አለው። ያው ሐኪም ያክማል፣ ያው ሐኪም ይገድላል፣ ያው ሐኪም የሞት ወረቀት ይጽፋል። ሁለተኛው ፈራሚ አስከሬኑን አየት አድርጎ ይፈርማል እንጂ ለቤተሰቡ አንድ ጥያቄ አይጠይቅም። ሺፕማን በካንሰር የሞቱ ሰዎች ቤት የተረፈውን መድኃኒት "እኔ አስወግደዋለሁ" እያለ ይወስዳል፤ የሚቆጣጠረው የለም። የእህቴ ልጅ ዛሬ ለአንዲት አሮጊት አንድ ኪኒን ስትሰጥ እንኳን ትፈርማለች። "ጋሼ፣ ይኼን ፊርማ ስፈርም ሁልጊዜ ይሰለቸኝ ነበር" አለችኝ በመጨረሻው ድምፅ ላይ። ከዚያ ዝም አለች። ውኃ ሲፈላ ይሰማኛል። በእንግሊዝ የእያንዳንዱን ሰው የሞት ምክንያት ሌላ ገለልተኛ ሐኪም እንዲያይ በሕግ የተደነገገው አሠራር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው ከተያዘ ከ26 ዓመት በኋላ!

ክቡር አዘጋጅ፣ ለምን እንደዚህ አንገበገበኝ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ልንገራችሁ። ይኼን ለባለቤቴ ብቻ ነው የነገርኳት።

በ1995 ዓ.ም. አንዲት ደንበኛ ነበሩኝ። ቀበና አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። ወር በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት እወስዳቸዋለሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ሲወጡ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቁራሽ ዳቦ ይሰጡኛል። 45 ዓመት አልፎኝ "አንተ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። የሩቅ ዘመድ ነኝ ያለ አንድ ሰው መጥቶ አብሯቸው መኖር ጀመረ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው "እግዚአብሔር ልጅ ሰጠኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየከሱ መጡ። የመኪናዋን በር መዝጋት አቃታቸው። እኔ እየወረድኩ እዘጋላቸዋለሁ። አንድ ቀን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሳንደርስ፣ መንገድ ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማታ ማታ የሚያጠጣኝ ነገር ራሴን ያዞረኛል" አሉኝ። መኪና ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። ግን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

ምን አልኳቸው? "ግፊት ይሆናል እማማ፣ ይታዩት።"

በሚቀጥለው 16 ስሄድ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ትናንት ተቀብረው አድረዋል። ላዳዋን አቁሜ ገባሁና ተቀመጥኩ። ንፍሮ ቀረበልኝ። እጄን ያስታጠበኝ ያ ሰውዬ ነው። በግራ እጁ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ፣ በቀኙ ውኃ እያፈሰሰ፣ "እርስዎ ነዎት አይደል ቤተ ክርስቲያን የሚወስዷቸው? ስምዎን ያነሱ ነበር" አለኝ። አዎ አልኩ። እጄን በነጠላዬ ጠረግሁ።

እኔ ሰውየውን ገዳይ ነው አልልም። አላውቅማ። ሴትዮዋ አርጅተዋል፣ ግፊትም ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆን ይችላል። ቤቱ በሁለት ዓመቱ ተሸጠ፤ ቤት ደግሞ ይሸጣል። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት "ከነገሩ ጦም እደሩ ነው፣ አርፈህ ተኛ" አለችኝ። አርፌ ተኛሁ። ለማን ብዬ ነው የምናገረው? ለፖሊስ? "አንድ አሮጊት ራሴን ያዞረኛል አሉኝ" ብዬ? መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባለ ታክሲው ነው! እኛ አገር ሰው ሲሞት በማግስቱ ካልሆነም በሠልስቱ ከአፈር ጋር ነው። አስከሬን ይመርመር ማለት ለቤተሰቡ ስድብ ነው። ድሮ በአውጫጭኝ ጊዜ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ያየኸውን ተናገር ይባላል፤ ሳይናገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጭቆናው ብዙ ነበር ይላሉ፣ አባቴም ይጠላው ነበር። ቢሆንም ባለ ታክሲም ይጠየቅ ነበር።

ስለዚህ ጆን ሾውን ሳገኘው፣ ማለቴ በልጅቷ ድምፅ ውስጥ ሳገኘው፣ ደንግጬ ስልኩን አስቀመጥኩት። እሱ 21 ስም ጽፎ ነበር። እኔ አንድ ስም አለኝ፤ እሱንም አልጻፍኩም።

አሁን የእድር ጸሐፊ ስለሆንኩ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ ጥራዝ ነው፣ በመስመር የተከፈለ። የሟች ስም፣ ቀን፣ ለቤተሰብ የተከፈለ ብር፣ የወጣ ወንበርና ድስት። ድስት ሳይቀር እንጽፋለን! በምን እንደሞቱ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ መስመር እንጨምር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። በምን ሞቱ፣ አብሯቸው ማን ነበር፣ ያከማቸው ማን ነው፣ ይኼው ነው። የእድሩ ዳኛ ሣቁብኝ። "ለቅሶ ላይ ፖሊስ ልትሆን አማረህ እንዴ?" አሉኝ። ሁሉም ሣቀ። አንዲት እናት ብቻ አልሣቁም፤ ከኋላ ተቀምጠው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተባለ።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ገዳዩን አትጻፉ አልልም፤ እኔም አነባለሁ፣ ተሳፋሪዎቼም ሬዲዮ ላይ የወንጀል ታሪክ ሲመጣ "ጮክ አድርገው" ይሉኝ ነበር፤ የሚወርዱበት ደርሶ ታሪኩ እስኪያልቅ የማይወርዱም ነበሩ። አምስተኛው ክፍል ሲመጣ ግን የሰውየውን አእምሮ ውስጥ ገብታችሁ ከምትጠፉ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዩትን ሰዎች ጠይቁ። ባለ ታክሲውን፣ አስከሬን ያነሳችውን፣ ፊት ለፊት የነበረችውን ዶክተር። ዶክተር ሊንዳ በ2000 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሞታለች፤ ቢያንስ ስሟን ጻፉ።

ጋዜጣውን ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ ወስጄ ለልጁ ሰጠሁት። ለሌላ ሰው ያከራየው፣ ይጠቀምበት ብዬ ነው። ገልጦ አየና "ፋዘር፣ ምነው እንዲህ አበላሸኸው?" አለኝ። 31 ቀይ ክብ ያለበት ገጽ ነዋ። ከዳር ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፌ አንድ ስም ጨምሬበታለሁ። ልጁ አነበበው። "ጆን ሾው ማነው?" አለኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኩት።

አክባሪያችሁ፣
የድሮው ባለ ላዳ
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ